በኩሽኔታ እስከ ካምፑ በር

ሚስት አግብቼ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ፣ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ፣ ሥራ የምሄደው በኩሽኔታ ነበር። የሚስቅ ይሳቅ። ያኔም ስቀውብኛል። የሳቁብኝ ሰዎች ግን ላብ በላብ ሆነው ቢሮ ሲደርሱ እኔ መዝገቡ ላይ ፈርሜ፣ እጄን አጣጥፌ ነበር የምጠብቃቸው።

ላላየው ሰው ልንገረው። ኩሽኔታ የመኪና እግር ውስጥ ያለ፣ በትናንሽ የብረት ኳሶች የሚሽከረከር ቀለበት ነው። አራቱን ጣውላ ሥር ስትሰካቸው የልጆች መጫወቻ ይሆናል፤ መጫወቻውንም ኩሽኔታ እንለዋለን። የእኔ ከልጆቹ ረዘም ያለ፣ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበረው። የፊቶቹን ሁለቱን የያዘው እንጨት በአንድ ብሎን ስለተያዘ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ በገመድ ነው የምመራው። ቁልቁለት ሲሆን ሁለቱንም እግሬን ጣውላው ላይ አድርጌ እቆማለሁ። ሜዳ ሲሆን አንዱን አውርጄ አስፋልቱን እገፋለሁ። ብረቶቹን የሰጠኝ ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው፤ አልቀው የተጣሉ ነበሩ።

ቤታችን ከጎንደር ፒያሳ በላይ፣ ወደ ወለቃ መውጫው ነበር። ሥራዬ ደግሞ ታች፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ ታክሲ ከከተማው ጠፍቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የፊርማው መዝገብ ይነሳል። ስሙ በቀይ የተሰመረበት ሰው ሰኞ በውይይት ክበብ ተነስቶ ለምን እንደዘገየ ለጓዶች ያስረዳል። "በእግሬ ስለመጣሁ ነው" ብትል ማን ይሰማሃል? ሁሉም በእግሩ ነው የሚመጣው።

አብራን የምትኖረው እናቴ በእኔ አፍራ ልትሞት ነበር። "ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል? ያ ሁሉ ትምህርት ከልጆች ጋር ቁልቁል ለመንሸራተት ነው?" ትለኛለች። ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶች ደግሞ ሳልፍ "ኧረ ጌታው፣ ክላክስ አድርግ እንጂ!" ይሉኛል። ሰው ግን ቸገረው። ጥቂት ወራት ሲያልፍ አንድ መምህርና አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ እየተሽኮረመሙ ቤቴ መጡና "ለእኛም ሥራልን" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሦስት ጎልማሶች፣ መምህሩ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ክርርርር እያልን ስንወርድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከኋላችን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ካርዱን በየወሩ ከመደርደሪያ የማወጣለት እኔው ነኝ። ትንሽ ዳገት ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ዶክተሩ "ከመርፌና ከክር ሌላ ነገር እንዳታነሣ" ብለውታል። ጠዋት ከፊቴ ጣውላው ላይ ይቀመጥና ገመዱን ይይዛል፤ እኔ ከኋላው ትከሻውን ይዤ እቆማለሁ። ሱቁ ጋ ስንደርስ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ "ሹፌር፣ ወራጅ አለ!" ብሎ ይጮሃል። ወደ ማታ ስንመለስ ኩሽኔታውን ተሸክሜ፣ እሱን በየድንጋዩ ላይ እያሳረፍኩት እንወጣለን። ለጥ ያለው መንገድ ላይ ኩሽኔታው ላይ አስቀምጬው በገመድ እጎትተዋለሁ። ቁጡ ሰው ነኝ፤ "ፍጠን በል እንግዲህ" ብዬ የጮህኩበት ቀን ብዙ ነው። እሱ ይስቃል። ያ ሳቁ እንዴት ያናድደኝ ነበር!

በዚያ ዘመን ባንዲራ ሲሰቀል ያየ ያውቃል። ጠዋት መዝሙሩ ሲጀመር መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይላል። አውቶብስ ይቆማል፣ ሸክም ያለው ከነሸክሙ ይቆማል። አንድ ቀን ዘግይቼ ብቻዬን ስወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ካለው መሥሪያ ቤት መዝሙር ሰማሁ። ልቁም ብል በምን? ፍሬን የለው! ተረከዜን አስፋልቱ ላይ ብተክል ጫማዬ ተቀደደ እንጂ አልቆመልኝም። ሐውልት በመሰለው ሕዝብ መሐል፣ ያን ሁሉ ጩኸት እያሰማሁ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አለፍኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሮጦ ታች ያዘኝ። በሰደፍ ጆሮ ግንዴን ሲለኝ ምድር ዞረችብኝ። ሁለት ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ፊት አቁመው ግለ ሂስ አድርግ አሉኝ። ሊቀመንበሩ "የማን ተላላኪ ነህ? ማን ነው የላከህ?" ሲለኝ "ቁልቁለቱ" ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። "አጥፍቻለሁ፣ ንቃተ ህሊናዬ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እቤት ገብቼ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ አወጣሁና ኩሽኔታው ጭራ ላይ መታሁ፤ በተረከዜ ስረግጠው መሬቱን ይዞ ያቆመዋል። ከዚያ ወዲህ መዝሙር ስሰማ እኔን ማንም አቁም አይለኝም። እግሬ በራሱ ይቆማል።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ አፈሳው መጣ። ወንድሜን ለምዝገባ ሲጠሩት የሐኪም ወረቀት አሳይቶ አንድ ጊዜ ተመልሷል። እኛም አረፍን፤ ሞኝነታችን። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ውይይት ስለነበረ ዘግይቼ ሱቁ ጋ ስደርስ በሩ ክፍት ነው፣ የስፌት መኪናው ላይ ያልተጨረሰ ሱሪ ከነመርፌው ተወጥሮ ይታያል፣ እሱ የለም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ሽማግሌ ስለሆኑ የተተዉት፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ "ወሰዱት ልጄ" አሉኝ። "ታምሜያለሁ ቢል ማን ይስማው። ከወጣቱ ሁሉ ጋር አፍሰው ነዱት።"

ቀበሌ ሮጥኩ። ያገኘሁት የጥበቃ ጓድ አልጮኸብኝም፤ የደከመው ሰው ነበር። "እዚህ የሉም። ከከተማው በታች ካምፑ ውስጥ ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጫናሉ። በሽተኛ ከሆነ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘህ ከዚያ በፊት ለመኮንኑ አሳየው። ከተጫኑ ወዲያ ማንም አይመልስልህም" አለኝ። የወንድሜ አሮጌው ወረቀት ኪሱ ውስጥ እንደነበረና እንደቀደዱበት የሰማሁት በኋላ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሆስፒታል ነበርኩ። ካርዱን አወጣሁ። ዶክተሩ ግቢው ውስጥ ስለሚኖሩ ከቤታቸው ቀሰቀስኳቸው፤ ቆመው፣ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጻፉልኝ። "ልቡ ለማንኛውም የጉልበት ሥራ ብቁ አይደለም" ይላል። ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ግን ቁልፉ ከጸሐፊዋ ጋር ነው። እሷ እስክትመጣ ድረስ የበሩን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሰዓቱ አንድ ከሩብ አለፈ። ስትመጣ ፊቴን አይታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መታችልኝ። ካምፑ ሩቅ ነው፣ በአዘዞ መንገድ ቁልቁል። አውቶብስ የለ፣ ታክሲ የለ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ኩሽኔታዬ ላይ ወጣሁ።

እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። ሜዳው ላይ ቀኝ እግሬ ሲዝል በግራ እየገፋሁ፣ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ገበሬዎች አህዮቻቸውን እየሳቡልኝ "እብድ ነው!" ይላሉ። አንድ ጊዜ ወድቄ ክርኔ ተላጠ፤ ተነሥቼ መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ነው። ደም አልነካውም። "ተመስገን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

የካምፑ በር ታየኝ። ወደ አምስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች በሩ ውስጥ ተሰልፈው ሞተራቸው ይጨሳል፤ አልወጡም። ደርሻለሁ አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ከቀኜ፣ ከአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ግቢ፣ የልጆች መዝሙር ተነሣ። ባንዲራው እየተሰቀለ ነው።

ቆምኩ።

አስቤ አይደለም። ተረከዜ ጎማውን ረገጠ፣ ኩሽኔታው ቆመ፣ እኔም ወርጄ እጄን ግራና ቀኝ አድርጌ ቀጥ አልኩ። አጠገቤ እንስራ ያዘለች ሴት ቆማለች፤ አንድ ገበሬም ቆሟል። አህያው ብቻ መንገዱን ቀጠለ። ገበሬው በዓይኑ ይከተለዋል እንጂ አይጠራውም። እኔም በዓይኔ መኪናዎቹን እያየሁ ነበር። የመጀመሪያው ከበሩ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። "ሂድ" እላለሁ በልቤ፣ "ሂድ አንተ ሰው!" ጆሮ ግንዴ ላይ ሰደፍ ያረፈበት ቦታ ይግላል። ሕፃናቱ ቀስ ብለው ነበር የሚዘምሩት፤ ባንዲራውም ገመዱ ተይዞበት መሐል ላይ ቆመና አስተማሪዋ እስክታስተካክለው እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ወጣ። አራተኛው ወጣ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ታች፣ ወደ አዘዞ አዞሩ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ኩሽኔታውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ስሮጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ። ዘበኛ የለም። ጠመንጃ የያዘ የለም። ልጆችና አንዲት አስተማሪ ብቻ ነበሩ።

በሩ ላይ አንድ ሽበታም ጠባቂ አገኘሁ። "አያ፣ በእግዚአብሔር፣ መኮንኑን ጥሩልኝ" ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ማንበብ ይችላሉ፤ ቀስ ብለው አነበቡት። "ምነው፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብትል?" አሉ። "ከመጨረሻው መኪና ጋር እኮ ነው የሄደ። እስከ አሁን እዚህ ቆሞ ወረቀት ሲያይ ነበር። ሁለት ልጆች በእንዲህ ያለ ወረቀት ፈትቷል። ሸጋ ወረቀት ነበር ይሄ።" አጥፈው መለሱልኝ።

ስመለስ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እናቴ የወንድሜን ሹራብና ዳቦ በፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"አገኘኸው?"

ባንዲራ ሲሰቀል ቆሜ አመለጠኝ ብዬ ለእናት እንዴት ይነገራል? ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ደርሼ ነበር" አልኳት። "ወረቀቱን ለመኮንኑ አሳየሁት። አየውና እምቢ አለ።"

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ ፌስታሉን አስቀመጠች። "እምቢ አለ?" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን እምቢ ያላለ መኮንን ትረግመው ጀመር። ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ "ወረቀት አይቶ ልጄን የነሣኝ፣ እንደ እኔ አንጀቱ ይረር፣ ከወለደው አይጣመው" ትላለች። ልጆቼ አጠገቧ ናቸው። "አሜን በሉ" ትላቸዋለች፤ ይላሉ። እኔም እላለሁ።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከማሠልጠኛው። "ደህና ነኝ፣ ዳገት ግን ይበዛል" ይላል። ሌላ አልመጣም። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን፣ በወለቃ በኩል ጫማቸው ያለቀ ወታደሮች በእግራቸው ሲጎርፉ እናቴ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ለአንዳንዱ ውኃ ትሰጣለች። ልብስ ሰፊ ታውቃለህ? ከንፈሩ ጠቆር የሚል፣ ሳቂታ? የሚያውቅ አልተገኘም። ሳምንት ሙሉ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ገባች፤ አልጋ ላይ መዋሏም ከዚያ ጀመረ።

ስትደክም የንስሐ አባቷ ሊያቆርቧት መጡ። "ቂም የያዝሽበት ካለ ይቅር በይ" አሏት።

"ሁሉን ይቅር ብያለሁ አባቴ። የቀበሌውንም፣ ያፈሱትንም። ያን መኮንን ግን አልልም።"

"ቂም ይዘሽ ሥጋ ወደሙን አላቀብልሽም፤ አልችልም" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጇ ነህ፤ ለምናት።"

አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ። "እማዬ፣ ይቅር በይው።"

"አንተን ምን ነካህ? ወረቀቱን አይቶ እምቢ ያለህ ሰው አይደለም ወይ?"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቄሱ አሉ፣ ልጆቼ አሉ፣ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። አፌ ተከፈተ። "ምናልባት" አልኳት፣ "ፈርቶ ይሆናል።"

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ፈርቶ?" አለች። "ጨካኝ ነው ብዬ እኮ ነበር። ፈርቶማ ከሆነ ጭራሽ አልምረውም።"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተች፤ ሳትቆርብ።