ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

አክስቴ ሰው ቶሎ አያምኑም ነበር። ሥራ አግኝቼ ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመጣ ቤት ፍለጋ አብረውኝ ዞሩ። ደላላው የሚያሳየንን ክፍል ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ጎረቤቲቱን ጠጋ ይሉና፣ «እንደው ልጄ፣ ገበያ ስትወጪ ቁልፍሽን ማን ዘንድ ትተይዋለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ይዤው እሄዳለሁ» ካለች አለቀ፤ እጄን ይዘውኝ ይወጣሉ።

«እማማ፣ ሰፈሩ እኮ ሰላም ነው» አላቸው ደላላው አንድ ቀን።

«ሰላም ከሆነ ቁልፉ አንገቷ ላይ ምን ይሠራል?»

የራሳቸውንም ሰፈር አያምኑትም። እዚሁ ልከራይ ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚችን የጎረቤቴን ዓይን አልወደድኩትም» አሉኝ። የራሳቸው ቁልፍ ከመቀነታቸው ተለይቶ አያውቅም።

ለሕክምና ጎንደር ሄደው እዚያው አረፉ። አስከሬናቸውን ይዘን ስንደርስ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከዕቃቸው ውስጥ የለም። በሩን ለመስበር መዶሻ ሲፈለግ ያቺ ጎረቤታቸው እያለቀሰች መጣችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች።

«‹እስክመለስ ያዥልኝ፤ ለዘመድም ቢሆን እንዳትሰጪ› ብለውኛል» አለች፣ ሁላችንንም በጥርጣሬ እያየች። በሩን በገዛ እጇ ከፈተችልንና ቁልፉን መልሳ ቋጠረችው።

እዚያው ሰፈር ተከራየሁ። ጠዋት ስወጣ ቁልፌን ለእሷ እተዋለሁ። ማታ ስትመልስልኝ የአክስቴ ቁልፍ አሁንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ አየዋለሁ። ስጪኝ ብያት አላውቅም። እሷ የተባለችው «እስክመለስ» ነው።