ጉንፋኑ የተወልኝ ጩኸት

ጉንፋኑ ለቆኝ፣ ሳሉም ቆሞልኝ፣ ዳንኩ ብዬ ስነሳ ግራ ጆሮዬ እንደተደፈነ ቀረ። ውኃ የገባበት ይመስላል። ውስጡ ደግሞ ሲይይይ የሚል ቀጭን ድምፅ አለ፤ አያቋርጥም። መጀመሪያ ፍሪጁ መስሎኝ ነቀልኩት። አልቆመም። ቴሌቪዥኑንም ነቀልኩ። ቆጣሪውን ሳጠፋ ባለቤቴ ምሳውን አቁሞ አየኝ።

"ምን እየሆንሽ ነው?"

"አይሰማህም?"

"ምኑ?"

እዚህ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ግቢ የምንጋራቸው አንዲት ሐረሪ አሮጊት አሉ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ የሚጮህ ነገር ይሰማቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና "ወላሂ፣ ምንም የለም ልጄ" አሉኝ። ቤቴ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ፤ እኚህ ሴት በራቸው ሲንኳኳ እንኳ አይሰሙም። ታዲያ ማንን ልመን? ጆሮዎቼን በጣቶቼ ብደፍናቸው ድምፁ ባሰ። ያኔ ከራሴው ውስጥ እንደሆነ ገባኝ፤ ፈራሁም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ በመብራት አይቶ "ጆሮሽ ንጹሕ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ተደፈነ?"

"ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ አለ። ጉንፋኑ የተወው ነው፣ በጊዜ ይሄዳል። ምንም እንዳትጨምሪበት።"

ንጹሕ ነው፤ ፈሳሽ አለው። ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኝ ወጣሁ። አሮጊቷ የሰሊጥ ዘይት አሙቀው ጠበቁኝ። ሐኪሙ ከልክሎኛል ብላቸው አልሰሙኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆኑ።

በዚያው ሰሞን ድሬዳዋ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጆሮዬን በመርፌ የወጉኝ ያህል አመመኝ፤ ከዚያ ቀኙም ተዘጋ። ድንኳኑ ውስጥ "እግዜር ያጽናችሁ" ያልኩት ለእኔ ጆሮ ቀስ ብዬ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው አይገባኝም። "እሺ" አልኳት። ለካ "እደሪ" ስትለኝ ኖሯል። ሳይመሽ ልሂድ ብዬ ስነሳ ተቀየመች፤ ለምን እንደተቀየመች ያወቅሁት በኋላ ደውላልኝ ነው።

በሚኒባስ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ ሳዛጋ ጆሮዬ ቀጭ አለና ተከፈተ። ሞተሩም፣ ሬዲዮኑም፣ የሰዉ ወሬም በአንዴ ገባ። የተጣሉ መስሎኝ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ "ምን ሆነው ነው?" አልኳት።

"ምንም አልሆኑም፣ እየተጫወቱ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ አልተደፈነም። ጩኸቱ ግን አብሮኝ ሐረር ገባ። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ይቀንሳል አለኝ፤ የቀነሰም ይመስለኛል። ባለቤቴ አንዳንዴ "ሄደልሽ?" ብሎ ይጠይቀኛል። አዳምጣለሁ። ስፈልገው አለ፤ ሥራ ስይዝ የለም።