ከጄነሬተሩ በላይ

አጎቴ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። ክፍል ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ እንድናገር ያስቻሉኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ጁባ መጥቼ ኮሌጅ ስገባ ፕሬዘንቴሽን ሲባል ከሰው ጀርባ እደበቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። አጎቴ ጉምቦ ሰፈር ባለው የጅምላ ሱቃቸው ሳለቅስ ሲያገኙኝ አላባበሉኝም። ጄነሬተሩን አስነሱና በሩ አጠገብ ካለው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ባንኮኒው ጋ ቁሚና ያልጨረስሽውን በይው» አሉኝ።

አልኩት።

«አልሰማሁም፣ ልጄ።»

ደገምኩት።

«አልሰማሁም።»

ደንበኞች ይስቃሉ። ንዴቴ ከፍርሃቴ ሲበልጥ ጮህኩ። ያኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰማሁ። ከዚህ ጄነሬተር የባሰ የሚረብሽ ክፍል የለም፤ ሂጂ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፕሬዘንቴሽን በደረሰ ቁጥር ጆንያው ላይ አይጠፉም ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደጨረስኩ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ዓይናቸው ተከድኗል። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «ሳልፈራ ተናገርኩ፣ አጎቴ» አልኳቸው። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከዚያ ጮህኩ። በሽተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነርሷ ትከሻዬን ይዛ «ኸላስ» አለችኝ፤ በቃ ማለቷ ነበር።

ከቀበርናቸው ወዲህ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። አንዳንድ ደንበኛ ደክሞት ጆንያው ላይ ልቀመጥ ይላል። «ተነስ!» ብዬ እጮህበታለሁ። ጄነሬተሩ እየሠራ እንኳ፣ አንዴ ስናገር ሁሉም ይሰማኛል።