ለጭፈራችን የመጣው እርዳታ

ያኔ ጋምቤላ ገበያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ባለሱቁ ከጅማ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ እላቸዋለሁ። እኔ አኝዋክ ብሆንም አማርኛ የተማርኩት ሚስዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ ከደገኞቹ ጋር ስነጋገር ብዙም አልቸገርም ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት ሹም መጣ። መሐረብ ገዛና ሳይወጣ ቆሞ፣ "ሐጂ፣ ይህችን ልጅ ለአንድ ጠዋት ያውሱኝ፤ አስተርጓሚዬ ጎሬ ሄዷል" አላቸው።

"ምን ልታደርግልህ?"

"ለአገር ባህል ማበረታቻ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ተፈቅዷል። ለዘውድ በዓል የአኝዋክ ጭፈራ እናሳያለን።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሂጂ" አሉኝ። "ልብስ የሚያስፈልጋቸው ከሆነም እኛ ጋ እንዳለ ንገሪያቸው።"

ጭፈራውን የምትመራው የአባቴ እህት ነበረች። ባሮ ወንዝ ዳር ባለው መንደሯ፣ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰበሰቡ። ሹሙ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። በየመሃሉ "ባህል" ይላል። እኔ ቃሉን በአኝዋክኛ ምን እንደምለው ግራ ገባኝ። አንዴ "ጭፈራ" አልኩት፣ አንዴ "የአባቶች ነገር" አልኩት፤ በመጨረሻ "መንግሥት ለጭፈራችሁ እርዳታ ልኳል" ብዬ ጠቀለልኩት።

አክስቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኛ ጋ እርዳታ የሚመጣው ሰው ሲታመም ወይም እህል ሲጠፋ ነው።

"ጭፈራችን ታመመ ያለው ማን ነው?" አለችኝ።

ተረጎምኩለት። ሹሙ መሳቅ ጀመረና ተወው። "አልታመመም በያት። እንዳይሞት ነው።"

ያንንም ተረጎምኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ አጉረመረሙ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ "እንግዲህ ሰው ሲሞትብን ለመጨፈር መንግሥትን ማስፈቀድ አለብን ወይ?" ብለው ጠየቁ።

"የለም፣ የለም" አለ ሹሙ ላቡን እየጠረገ። "ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ብቻ ንገሩኝ።"

ብዙ ተመካከሩ። ከዚያ አክስቴ፣ "ታንኳ" አለች።

ባሮ ላይ ያኔ ድልድይ አልነበረም። ዘፈኑን የሚቀበሉት ሰዎች የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። ትልቁ ታንኳ ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጪ ሆኗል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ውሃው ሲሞላ አያስተማምኑም። ይህን ሁሉ አስረዳሁት።

"ታንኳ እኮ ባህል አይደለም" አለኝ። "ታንኳ ትራንስፖርት ነው። ምን ብዬ አቀርበዋለሁ?" ከልቡ ነበር የሚጠይቀኝ።

በታንኳው ፋንታ የመጣው ነጭ አቡጀዲና ከበሮ ነው። አቡጀዲው ከእኛ ሱቅ ተገዛ፤ እኔው ራሴ ለካሁት። ከበሮው አንገት ላይ በጠፍር የሚንጠለጠል የደገኛ ከበሮ ነበር። የእኛው መሬት ላይ ነው የሚቆመው። የአክስቴ ከበሮ መቺ አገላብጦ አየው፣ መታ መታ አደረገው፣ "የማን ነው?" አለኝ።

"የእናንተ ነው።"

መልሶ አስቀመጠው።

በበዓሉ ዕለት ሹማምንቱ ወንዙ ዳር በተተከለ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። ዝናቡ ያቆመው ዘግይቶ ስለነበር ባሮ ገና አልጎደለም። ጨፋሪዎቹ አቡጀዲውን አገልድመው፣ የራሳቸውን ከበሮ ይዘው ገቡ። አክስቴ ዘፈኑን አወጣች። ተቀባይ የላትም ብዬ ጨነቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፅ ከማዶ መጣ። ተቀባዮቹ ማዶ ዳር ላይ ተሰልፈው ኖሯል፤ ውሃውን አሻግረው ይቀበሏታል። ድምፃቸው ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ እሷም እስኪደርሳት ጠብቃ ትቀጥላለች። እንግዶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይፈልጋሉ።

ሹሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ማዶ ያሉት የእኛ ናቸው?" አለኝ።

"እኛ" ያለው እነማንን እንደሆነ ባይገባኝም "አዎ" አልኩት።

በጣም ተጨበጨበ። በማግሥቱ ሹሙ ሱቅ መጥቶ፣ "ዘፈኑ ምን ይላል? አለቃዬ ጠይቀውኛል" አለ። አፈርኩ። ዘፈኑ የድሮ ነው፤ እኔ ደግሞ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስለሆነ ግማሹ ቃል አይገባኝም። ሄጄ አክስቴን ጠየቅኋት።

"ስለ ሞተ ሰው ነው" አለችኝ።

"በንጉሥ በዓል የሐዘን ዘፈን?"

"ያ ሰው ስለ ሞት ሲያወራ አልነበር እንዴ? ለሐዘን የጠራን መስሎኝ ነበር።"

እየቀለደች ይሁን ከልቧ፣ ፊቷን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ለሹሙ እንዳለችኝ ነገርኩት። "የጥንት ዘፈን ነው እላቸዋለሁ" ብሎ ሄደ።

በዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ማበረታቻውም በዚያው ቀረ። አቡጀዲው የልጆች ልብስ ሆነ። ጭፈራው እንደ ድሮው፣ ሰው ሲሞትም እህል ሲደርስም ቀጠለ። ያ እርዳታ ለምን እንደመጣ ዘመዶቼ ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል፤ አስተርጓሚዋ ስለነበርኩ የማውቅ ይመስላቸዋል። የሰማሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ያንኑ ጥያቄ ይደግሙልኛል።