በአንበሳው ፊት ያጋደምኳት በትር

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በደርግ ዘመን ነው፤ ልጄ ጥሩወርቅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች። በዕድሜዬ ከዚህ የከበደ ነገር አይቻለሁ። ጦርነትም፣ ወባም፣ የታጨደ ሰሊጥ ያበላሸ ዝናብም አይቻለሁ። ሆኖም እንደዚያ ቀን ሰው ፊት የተሳቀብኝ ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝም ጊዜ የለም። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ያውም በአንድ አንበሳ ፊት ስለሆኑ አልረሳውም።

የምንኖረው በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ መተማ ውስጥ ኮኪት ነው። ሰሊጥና ማሽላ የማርስ ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጥሩወርቅ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መጽሐፏን እያነሳሁ አነብ ነበር። የወላጆች ኮሚቴ ሲመረጥም «አያ መኮንን ማንበብ ይችላል» ብለው እኔን አስገቡኝ። በቤቴም በኮሚቴውም ቀልድ የማልወድ ሰው ነበርኩ። ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ ኳሳቸውን ይደብቁ ነበር።

ያን ጊዜ በእኛ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ በላይ ክፍል አልነበረም። ጥሩወርቅ ጎበዝ ስለነበረች መምህራኑም እናቷም «ጎንደር አክስቷ ዘንድ ሄዳ ትቀጥል» ይላሉ። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። መንገዱን ፈርቼ አይደለም። ከተማ ሄደው የተመለሱ ልጆችን አይቻለሁ፤ ገበያ ላይ አባታቸው በጀላቢያና በሸበጥ ሲመጣ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ልጄ በእኔ የምታፍር ሆና ከምትማር፣ ሳትማር ማሽላ ስትጠብቅ ብትኖር ይሻለኛል ብዬ አስብ ነበር። ይህን ለእናቷ ብቻ ነገርኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን አታውቃትም እንዴ?» አለችኝ።

የማውቃት ኮኪት ላይ ነው አልኩ በልቤ። ከተማ ላይ ምን እንደምትሆን አላውቅም።

የሳይንስ መምህራቸው ደረጀ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በጥር ወር የትምህርት ቤቱ ማሳ ሰሊጥ ወደ ጎንደር ሊጫን ሲል ይህ መምህር ወላጆችን ሰበሰበና፣ «ልጆቹ በዚያው መኪና ይሂዱ። በፋሲል ግቢ ያሉትን አንበሶች እያዩ ስለ እንስሳት ይማራሉ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «አንበሳ ለማየት ጎንደር ድረስ? ጓንግ ወንዝ ወርደው ቢጠብቁ አይቀርብም?»

«የጎንደሩ አይበላም፣ አባት» አለ መምህሩ።

«ታዲያ ምኑን አንበሳ ሆነ!»

ሰዉ ሲስቅ ስብሰባው አለቀ። ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮ ይሂድ ሲባል እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ሰዉ ልጆቹን ለመጠበቅ መሰለው። እኔ ግን ልጄን ከተማ መሃል ላያት ነበር የፈለግሁት። እዚያ በእኔ ካፈረች ነገሩ በዚያው ያበቃል። ካላፈረች ደግሞ እናስብበታለን።

ኤንትሬ በምትባለው የጭነት መኪና ላይ ከሰሊጡ ጆንያ በላይ ተቀምጠን ተጓዝን። የጭልጋን ዳገት ስንጀምር ብርድ መጣ። ቆላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ብርድ አያውቅምና ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እርስ በርስ እየተያዩ ይገረማሉ። ባዶ ጆንያ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገቡ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በዓረብኛ «ተማም ናችሁ?»፣ ደህና ናችሁ ወይ ሲል፣ ከጆንያው ውስጥ «ተማም!» ይሉታል። እኔም አንድ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነበር፤ ክብሬን ግን አልለቀቅኩም።

ጎንደር አድረን በማግስቱ ጠዋት ወደ ፋሲል ግቢ ሄድን። ነጭ ጀላቢያዬን ለብሻለሁ፣ ጥምጥሜን አስሬያለሁ፣ የአባቴን የዞቢ በትር ይዣለሁ። ዞቢ የእኛ አገር እንጨት ነው፤ ጥቁርና ከባድ ነው። ጥሩወርቅ ከጓደኞቿ ጋር ከፊት ትሄዳለች። ዞር ብላ ታየኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ። አልዞረችም። ግንቡን ነው የምታየው።

የሆነውን ከመንገሬ በፊት የአገራችንን ልማድ ላስረዳ። በእኛ ቆላ አንበሳ ሲያገሳ የሰማ ሰው አይሮጥም። መንገደኛው ሁሉ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ልጆችና አገሩን የማያውቅ እንግዳ መሃል ይገባሉ፤ የቀሩት ይከቧቸዋል። በዕድሜ የሚበልጠው ወደ ፊት ይወጣና በትሩን መሬት ላይ ያጋድማል፤ ጠብ አልፈልግም ማለቱ ነው። ከዚያ አውሬውን ስሙን ሳይጠራ «ጌታው፣ መንገዱ የእርስዎ ነው። ልጆች ይዘናል። ይለፉ» ይለዋል። ይህን ብሎ ፊቱን ሳያዞር የኋሊት ይመለሳል። በትሩን ራሱ አያነሳም። አንበሳው ሲያልፍ ከልጆቹ አንዱ ሄዶ ያነሳና ለባለቤቱ በሁለት እጁ ያቀብላል። አንበሳው ሳያልፍ በትር ማንሳት እርቅ እንደ ማፍረስ ነው። እኔ ይህን ያደረግሁበት ጊዜ አለ። ጥሩወርቅን ይዤ ከማሳ ስመለስ ነበር፤ በትሩን ያቀበለችኝም እሷ ነበረች።

አንበሶቹ ቤት ስንደርስ ዩኒፎርም የለበሱ የከተማ ተማሪዎች ቀድመውን ቆመዋል። አንድ ትልቅ ወንድ አንበሳ ከብረቱ ፍርግርግ ወዲያ ተጋድሞ ዝንብ በጅራቱ ያባርራል። መምህር ደረጀ ትምህርቱን ጀመረ።

«አንበሳ ከድመት ወገን ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አይጥ ይይዛል?» አለ አንዱ የእኛ ልጅ።

«ዝም ብለህ ስማ።»

«መምህር፣ ይኸ ሞቷል እንዴ?» አለች ሌላዋ።

አንበሳው ይህን የሰማ ይመስል ተነሳ። ወደ እኛ ዞሮ አገሳ።

ያን ድምፅ የድንጋዩ ግንብ ተቀብሎ መለሰው። የከተማ ልጆች እየጮሁና እየሳቁ ወደ ኋላ ሸሹ። የእኛ ልጆች ግን አልሸሹም። ማንም ሳያዛቸው ተሰበሰቡና ክብ ሠሩ። ትንንሾቹን ወደ መሃል ገፏቸው። አንዲት ልጅ የመምህሩን ኮት ይዛ «መምህር፣ መሃል ግባ!» ብላ ጎተተችው። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነዋ። ያ ረጅም ሰው ከሕፃናቱ መካከል አንገቱን አስግጎ ቆመ።

እኔስ? ራሴን ያገኘሁት ከሁሉም ፊት ነው። በትሬ ከፍርግርጉ ሥር ተጋድማለች። ጮክ ብዬም ተናግሬያለሁ፤ «ጌታው፣ መንገዱ የእርስዎ ነው። ልጆች ይዘናል። ይለፉ!»

አንበሳው አየኝ። አፉን ከፍቶ አዛጋና ተመልሶ ተኛ።

ከኋላዬ የተነሳው ሳቅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። «ኧረ እርስዎ ይሉታል!» «ታስሯል በሏቸው እንጂ!» «ሱዳኑ ከአንበሳ ጋር ተዋወቁ!» መምህራቸው እንኳ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል።

እኔ ያየሁት ልጄን ነው። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነበር። አለቀ፣ ጎንደር አትመጣም አልኩ በልቤ።

የኋሊት ተመልሼ ከልጆቹ ጋር ቆምኩ። መምህር ደረጀ ከክቡ መሃል ወጥቶ «አያ መኮንን፣ በትርዎን ያንሱና እንሂድ» አለኝ።

«አለፈ?» አልኩት።

«ወዴት ይለፍ? ታስሯል እኮ!»

ጭንቄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የእኛ ልማድ የተሠራው መሄጃ ላለው አንበሳ ነው። ይኸኛው ማለፊያ የለውም። አንበሳው ካላለፈ ደግሞ የአባቴ በትር እዚያው ሊቀር ነው። ከከተማ ልጆች አንዱ ለጨዋታ ብሎ ሊያነሳት ሮጠ። የእኛ ልጆች በአንድ ድምፅ «አትንካ!» ብለው ሲጮሁበት ደርቆ ቀረ።

«ያንሷት እንጂ፣ ማን ያያል?» አለ ደረጀ ቀስ ብሎ።

ነገሩ ሞኝነት መስሎ እንደሚታይ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እነዚያን ልጆች ሁሉ «ቃላችሁን ጠብቁ፣ ማንም ባያይም ጠብቁ» እያልኩ የገሰጽኩ እኔ ነኝ። ሰው የሰበከውን ለመተው የሚፈተነው ሲሳቅበት ነው። እኔም ቆምኩ። ልጆቹም ከእኔ ጋር ቆሙ። ሳቁ ግን ጨመረ።

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ከክቡ ወጣች። ከእኔ የሸሸች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ ጠባቂው ሄደች። ካኪ ካፖርት የለበሰ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ባልዲ ይዞ ከጎን ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንበሳው ወደ ውስጥ ይግባልን» አለችው።

«ምን አደረገሽ?»

«አባቴ ይለፉ ብለውታል። እሱ ግን ማለፊያ የለውም። ትንሽ ገባ ቢልልን በትራችንን እናነሳለን።»

ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። የከተማ ልጆች ሁሉ ሰሙ። «አባቴ» ስትልም በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። ጠባቂው እሷን አያት፤ ከዚያ ጀላቢያዬንና ጥምጥሜን አየ። ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የት አገር ልጅ ነሽ?»

«የመተማ። የኮኪት።»

«ስንት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ አክብሮ ያናገረው ሰው አላየሁም» አለ ጠባቂው። «ቆይ፣ ይግባላችኋል።»

ባልዲውን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ብረት ተንቋቋና የውስጡ በር ተከፈተ። ከወዲያ ሆኖ «ና ግባ! አንተ ሰነፍ፣ የሰው መንገድ ይዘህ ትተኛለህ?» ሲል ሰማነው። አንበሳን በአንተ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅምና ደነገጥኩ። አንበሳው ግን አልተቀየመም። የሥጋው ሽታ ደርሶት ኖሮ ተነሳ፤ አንዴ ዞሮ አየንና ቀስ እያለ ገባ። የጅራቱ ጫፍ ሲሰወር ከእኛ ትንንሾች አንዷ «አለፉ!» አለች።

ጥሩወርቅ ሄዳ በትሩን አነሳች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች። አንበሳው ገብቶ ሳለ እንኳ ፊቷን ሳታዞር የኋሊት መጣች። አጎንብሳ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም።

ወዲያው አንዲት የከተማ ልጅ ተጠግታ «እውነት ሳይታሰር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ። የእኛው እንደዚህ አይተኛም።»

ሌሎቹም ከበቧት። መምህር ደረጀ ትምህርቱን ሳይጨርስ ዋለ፤ የሚሰማው ጠፋ።

ስንመለስ መኪናው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። የጭልጋን ቁልቁለት ስንጨርስ አላስቻለኝም።

«ሳቅሽብኝ» አልኳት።

«አዎ፣ አባየ።»

አለመካዷን ወደድኩላት።

«አፈርሽብኝ?»

ደንገጥ ብላ አየችኝ። «ኧረ! መምህራችንን መሃል ሲያስገቡት አላዩም? መጀመሪያ በእሱ ነው የሳቅሁት። ቀጥሎ አንበሳው ሲያዛጋብዎ በእርስዎም ሳቅሁ። ሳቄ መጣ እንጂ መች አፈርኩ?»

እስከዚያ ቀን መሳቅና ማፈር ለእኔ አንድ ነበሩ። በቤቴ ሳቅ የከለከልኩትም ለዚህ ነበር፤ የሳቀብህ ንቆሃል ብዬ። ልጄ በአባቷ ስቃ፣ በዚያው ቅጽበት ለአባቷ ቃል በሰው ሁሉ ፊት ልትቆም እንደምትችል አላውቅም ነበር። እናቷ ያለችው እውነት ነው፤ አላውቃትም ኖሯል።

መስከረም ጠባ። ጎንደር የሚወስዳት መኪና መጣ። ከነሐሴ ጀምሮ ምክር ሳዘጋጅ ነበር የከረምኩ፤ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ንጽሕና። ጆንያው ላይ ወጥታ ስትቀመጥ ያ ሁሉ ምክር ጠፋብኝ። ሳላስበው ከመኪናው ፊት ወጣሁና በትሬን መሬት ላይ አጋደምኩ።

«መንገዱ የእርስዎ ነው» አልኳት። «ይለፉ።»

ጥሩወርቅ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ሾፌሩ «ኧረ አያ መኮንን፣ በጎማ ያስጨፈልቋታል!» ብሎ መሪውን ጠምዝዞ በጎን አለፈ። አቧራው እስኪጠፋ እዚያው ቆምኩ። እናቷ ጎንበስ ብላ በትሩን ልታነሳ ስትል «የሚያነሳው ልጅ ነው» አልኳት።

«ልጅህማ አለፈች» አለችና አንስታ ሰጠችኝ።

ዛሬ ጥሩወርቅ የጤና ባለሙያ ናት። ስትመጣ ገበያ መሃል እጄን ይዛ ትሄዳለች፤ ጀላቢያዬም ሸበጤም እንደ ድሮው ነው። ማታ ይህን ታሪክ ለልጆቿ የምትነግረው እኔን እያስመሰለች ነው። ድምፅዋን አወፍራ «ጌታው!» ስትል፣ ቀጥላም እንደ አንበሳው ስታዛጋ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። ቀልድ የማልወደው ሰው እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ከሁሉም አብልጬ።

ሳቁ ሲበርድ ትንሿ የልጅ ልጄ ትነሳለች። በትሬን ከተደገፈችበት ጥግ አምጥታ በሁለት እጇ ትሰጠኛለች። አድርጊ ያላት ሰው የለም።