በፍቅሬ ቁጥር የተጎዳው እጅ

ፍቅሬ በአሰብ ወደብ አሥራ ስድስት ዓመት ጆንያ የተሸከመ፣ ሌላው ሲያገኝ የሚያመው ሰው ነበር። ጎረቤቱ የአየር ማራገቢያ ቬንቲላተር ሲገዛ የእሱ ቤት ሙቀት የጨመረ ይመስለዋል። ክፉ ግን አልነበረም። ይህን የምለው ያኔ በወደቡ አስተዳደር ክፍል የሥራ ላይ አደጋ ፋይሎችን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1974 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ፍቅሬ ልጁ ክርስትና በሚነሣበት ቀን ለመቅረት ቢጠይቅ፣ የቡድኑ አለቃ ካቦው ፈቃድ ከለከለው። የሥራ ጓደኛው ሑመድ፣ የዒድ ከተማ አፋር፣ በራሱ የዕረፍት ቀን በፍቅሬ ቁጥር ገባለት። እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር፤ ካቦው በጠዋት ቁጥር ይጠራል፣ «አቤት» ያለውን ይመዘግባል፣ ፊት አያይም። ከቀትር በፊት የጭነት ማንሻው የዊንቹ ገመድ ተበጠሰና የወረደው ጭነት የሑመድን ቀኝ እጅ ከመርከቡ ብረት ጋር አጣበቀው። ሦስት ጣት ሄደ።

የአደጋው ሪፖርት በፍቅሬ ስም ተጻፈ። ካቦው እንዳይጠየቅ ሲል ፈረመ፤ ሁለት ምስክሮች ተከተሉት፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ማኅተሙን አሳረፈበት። የሐኪም ቤቱ ካርድ ግን ሑመድ ይላል። እንግዲህ በወረቀት ፍቅሬ ሥራ ላይ ተጎድቷል፣ ሑመድ ደግሞ በዕረፍት ቀኑ እጁን የትም አጥቷል። ፍቅሬ ቀርቦ እውነቱን ካልፈረመ ሑመድ ካሣም ሥራም የለውም። የሐኪሞች ቦርድ አዲስ አበባ የሚቀመጠው በወሩ መጨረሻ ነው።

ፍቅሬን ጠራሁት። እኔ ምን እሆናለሁ ብሎ አልጠየቀም።

«ብፈርም ምን ያገኛል?» አለ።

«ቦርዱ የጉዳቱን ፐርሰንት ይወስናል። በዚያ ልክ ካሣ፣ ከዚያ ቀላል ሥራ።»

«ቀላል የቱ?»

«ሁለተኛው በር፣ ጥበቃ።»

ያ በር የቆርቆሮ ጥላና ወንበር አለው። ፍቅሬ ሦስት ጊዜ አመልክቶበት አልተሳካለትም።

«አዲስ አበባስ በምን ይሄዳል?»

«በአውሮፕላን። ትኬቱ መጥቷል፣ ግን ባንተ ስም ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።» ስሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። አውሮፕላን ማረፊያውን ከአጥሩ ውጭ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

አምስት ቀን አሰበ። በመሀሉ ሑመድን ሊጠይቅ ሄዶ ብሶበት ተመለሰ። ከዒድና ከጥዖ ከተሞች የመጡ ዘመዶች አልጋውን ከበዋል። እንደ አፋር ወግ፣ አዲስ በገባ ቁጥር ሑመድ ወሬውን ከመጀመሪያው ይነግረዋል፤ ምንም ሳያስቀር። ፍቅሬ ቋንቋውን ባይችልም ስሙ ሲነሣ ሰማ። ምን እንዳለ አንዱን ጠየቀው። «ወዳጄ ነው፣ የልጁ ክርስትና ነበር ነው ያለው» አለው ሰውየው። ከሑመድ ራስጌ ደግሞ የፍቅሬ የገዛ ሚስቱ የትሩፋት የሾርባ ሳህን ተቀምጧል።

የዚያን ቀን የተባባሉትን ትሩፋት ናት በኋላ የነገረችኝ።

«ለእኔ ሾርባ የሠራሽው መቼ ነው?»

«ጣትህ ሲቆረጥ እሠራልሃለሁ።»

«እኔ ብተኛ ከአገሬ ከደሴ ማን ይመጣል? አንድ ሰው አይመጣም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለወንበር ነው እንዲህ የምትንገበገበው?»

«አሥራ ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ ነኝ፣ ትሩፋት።»

«እሱ የቆመው አንተ መቆም ባለብህ ቦታ ነው። ወንበሩን ከፈለግህ እጁንም አብረህ ውሰድ።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ፍትሕ ብዙ አንብቤአለሁ። ሕጉ ከሰው የጎደለውን በፐርሰንት ይለካል፤ ምንም ሳይጎድለው ቀስ እያለ የሚያልቀውን ሰው ግን የሚለካበት የለውም። የፍቅሬ ቅናት መነሻው ይኸው ይመስለኛል። ለሑመድ ግን ይህ ፍልስፍና ምን ያደርግለታል?

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ፍቅሬ መጥቶ ቃሉን ሰጠ፣ ፈረመ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ካቦውም ተቀጣና ለወራት ከባዱን ጭነት ለፍቅሬ መደበለት። ትኬቱ ወደ ሑመድ ስም ዞረ።

የቦርዱ ውሳኔ የደረሰ ዕለት ከሑመድ ቀድሞ የመጣው ፍቅሬ ነው።

«ስንት ሰጡት?»

«ሠላሳ አምስት ፐርሰንት።»

«ለሦስት ጣት?»

«ለሦስት ጣት።»

አሥሩን ጣቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ጥቂት አያቸው።

«አውሮፕላኑ ላይ ምግብ ያቀርባሉ አሉ» አለና ወደ ጆንያው ተመለሰ።