ኦርቪል የመረመረው የሎሬታ ቺፕ

ኦርቪል ታተም ላስ ቬጋስ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በቁማር ጠረጴዛ ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የፈረሱ ካዚኖዎችን ቺፕ፣ በገንዘብ ፈንታ ቁማር የሚጫወቱበትን ክብ የሸክላ ቁራጭ፣ መመርመር ያዘ። ሰብሳቢዎች ከመግዛታቸው በፊት እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ሐሰቱን ሐሰት ነው ይላል፤ በዚህ የተነሳ ያኮረፉት ብዙ ናቸው።

አንድ ጠዋት ሎሬታ መጣች። ድሮ አንድ ካዚኖ አብረው ሠርተዋል፤ እሷ መጠጥ አስተናጋጅ ነበረች። ባሏን ዱዌንን ከቀበረች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ከትንሽ ሳጥን አንድ ቀይ ቺፕ አወጣች።

"ዱዌን አግቢኝ ሲለኝ ቀለበት መግዣ አልነበረውም። ሲልቨር ላርክ ካዚኖ በተከፈተ ቀን ያገኘውን ይህን ቺፕ ሰጠኝ። ለእህቴ ልጅ ላወርሳት ነውና እውነተኛ መሆኑን አይተህ ንገረኝ።"

ኦርቪል በማጉያ መነጽር አየው። በዚያ ዘመን የጠርዙ ነጭ መስመር ከሸክላው ጋር አብሮ ይጋገር ነበር፤ ይሄኛው ላዩን ተቀብቷል። ሐምራዊውን መብራት ሲያበራበት መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ቦግ አለ። የድሮ ወረቀት እንዲህ አያበራም።

"ሎሬታ፣ ይሄ ቅጂ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን ቀይር!"

"መነጽሬ ደህና ነው።"

"እና ዕድሜ ልኬን ሲዋሸኝ ኖረ ነው የምትለኝ?"

ቺፑን እዚያው ጥላ፣ በሩን ደርግማ ወጣች።

ነገሩ ከነከነው። የቀለሙን አቀባብ ሲያስተውል የሃስኬል እጅ መሰለው፤ ለፊልም ሠሪዎች የቺፕ ቅጂ ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ነው። ቤቱ ድረስ ሄዶ አሳየው። ሃስኬል ወዲያው አወቀው። ኦርቪል ታሪኩን ሲሰማ ለሎሬታ በስልክ መንገሩን አልወደደም፤ ሎሬታን ለምኖ ሃስኬል ቤት ይዟት መጣ።

"ባልሽ ዋናውን ይዞ ነው የመጣው" አላት ሃስኬል። "ልጃችሁ በመኪና አደጋ የሞተ ሰሞን። 'ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጫወቻው ነበር፤ ኪሱ ውስጥ አድርጌ ልቅበረው። እናቱ ደግሞ ባዶ ሳጥን እንዳታይብኝ ቅጂ ሥራልኝ' አለኝ።"

ሎሬታ ቺፑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

"የልጃችን ቀብር ላይ ዱዌን አንዲት እንባ አልወጣውም። ቂም ይዤበት ኖርኩ" አለች። "እዚህስ አልቅሶ ነበር?"

"ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። ሠርቼ እስክጨርስ አላባራም።"

ከዚያ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ውሰደኝ አለችው ኦርቪልን። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ናቸው። የበረሃው ንፋስ አሸዋ ይበትናል። ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ መኪናው ዘንድ ቆመ፤ እሷ ከባሏ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክካ ይቅርታ ስትጠይቀው ድምፅዋ እስከ እሱ ይሰማ ነበር።